ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ፦ ቸርቻሪው ከዋጋ በፊት ቀን ይቁጠር

ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የበዓሉ ግርግርም አብሮ ያበቃል። ከገና እስከ ጥምቀት ሲሯሯጥ የሰነበተው ቸርቻሪ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ዕቃ እያየ፣ «በርካሽ ላውጣው ወይስ እስከ ፋሲካ ላቆየው?» ይላል። ብዙው ነጋዴ መልሱን የሚፈልገው ከጎረቤቱ ዋጋ ነው። በዘጌና በባሕር ዳር ግን አስቀድሞ መቆጠር ያለበት ቀኑ ነው።

ጥምቀት ጥር 11 ላይ የቆመ በዓል ነው። ዐቢይ ጾም ግን ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ያለው የፍስክ ገበያ ሲያጥር 20 ቀን፣ ሲረዝም 54 ቀን ነው። ጾሙ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ስለገባ ገበያው 51 ቀን ነበረው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 በመግባቱ ወደ 36፣ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9 በመግባቱ ወደ 28 ቀን ወረደ። የቀደመውን ዓመት ሽያጭ ብቻ አይቶ ቅቤና እንቁላል ያከማቸ ባለሱቅ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጾሙ የካቲት 29 ስለሚገባ ጊዜው ወደ 48 ቀን ይሰፋል።

ዘጌ ከሌላው ገበያ ይልቅ ይህ ስሌት ያስፈልገዋል። በአቡነ በትረ ማርያም ትውፊት መሠረት መሬቱ አይታረስም፤ ከብትም አይረባበትም። ነዋሪው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህሉንና ቅቤውን ከውጭ ይገዛል። ስለዚህ የዘጌ ባለሱቅ ዱቤ ሲሰጥ የደንበኛው ቡና መቼ እንደሚሸጥ ማወቅ አለበት። ለጥር ሠርግ የወጣ ዱቤ ጾሙ ሳይገባ ካልተሰበሰበ እስከ ፋሲካ የመጓተት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የተረፈውን ዕቃ በሦስት መክፈል ይበጃል። አንደኛው በጾም የማይፈለግ፣ ቢቆይም የሚበላሽ ነው፤ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል። ይህ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በትንሽ ትርፍ፣ ካልሆነም በዋናው መውጣት አለበት። ሁለተኛው በጾምም በፍስክም የሚፈለግ ነው። ቡና ጾም አይከለክለውም፤ በደንብ ከደረቀም ይቆያል። ጎረቤት ቅናሽ አደረገ ተብሎ ቡናን ማርከስ የራስን ጥሪት መብላት ነው።

ሦስተኛው ከውጭ የሚገባው ልብስና ጫማ ነው። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃው የተገዛበትን ዋጋ ብቻ ማየት ያሳስታል። ነጋዴው «ዛሬ መልሼ ልግዛው ብል ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ በታች ከሸጠ፣ ደብተሩ ትርፍ ቢያሳይም በገንዘቡ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ አያገኝም።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ማቆየት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። የታሰረ ገንዘብ ወጪ አለው። ባሕር ዳር ላይ ጾም ሲገባ የዓሣ፣ የምስር፣ የሽሮና የዘይት ፍላጎት ይጨምራል። በቅናሽ የተገኘው ብር የጾም ዕቃ ገዝቶ እስከ ፋሲካ ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ ቅናሹን ያካክሳል። የማይመላለስ ከሆነ ግን ቅናሹ ኪሳራ ብቻ ነው።

ለገዳማቱ ጎብኚ የባህል ዕቃ የሚሸጡት ችግራቸው ይለያል። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ ከሰሜኑ ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት በኋላ የእንግዳን መምጣት በቀን መቁጠሪያ መገመት አስቸጋሪ ሆኗል። ለእነርሱ የሚበጀው የተቆላ ቡና በትንንሽ እሽግ ለባሕር ዳር ነዋሪ ማቅረብን መሞከር ነው፤ ቡና ጠጪው ጀልባ እስኪመጣ አይጠበቅም።

የጾሙ መግቢያ ምሥጢር አይደለም። ባሕረ ሐሳቡ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል፤ ከጥምቀት አራት ወር ቀድሞ ማለት ነው። ያን ቀን ሰምቶ በሱቁ ግድግዳ ላይ የጻፈ ነጋዴ፣ የጥርን ዕቃ ሲያዝ በግምት አያዝም።