ውኃ በሌለው ቧንቧ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ

ግልጽ ደብዳቤ
ለቀበሌያችን አስተዳደርና ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት
ግልባጭ፦ ለአራዳና ለፒያሳ ሕዝብ

ጥቅምት 27 ቀን 2002 ዓ.ም.

የተከበሩ ኃላፊ፣

ስለ አሳማ ጉንፋን ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቁ ስለማምን መግቢያ አላበዛም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም. በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ማወጁን፣ በዚያው ወር ከአሜሪካ በተመለሱ ሁለት ተማሪዎች ላይ በአገራችን መገኘቱን ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ የምጽፍልዎ ባለፈው ሰኞ ጠዋት በጤና ጣቢያዎ ስላየሁት ነው። ስለ ቧንቧው ከዚህ በፊት በቃል አመልክቻለሁ፤ በአስተያየት መስጫው ሣጥንም ጽፌ አስገብቻለሁ። መልስ የሰጠኝ ስለሌለ አቤቱታዬን ሕዝብ እንዲያነበው አድርጌያለሁ። ለዚህም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጎረቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሑድ ማታ ትኩሳቱ ጸናባት፤ ሳሉም እንቅልፍ ነሳት። ዳማከሴውም፣ ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩም ተሞክሮ ነበር። ሲነጋ ደግፌያት ከደጃች ውቤ ሰፈር ወደ ጤና ጣቢያዎ መጣን።

ከካርድ ክፍሉ አጠገብ አዲስ የታተመ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እጃችሁን ቶሎ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ፣ ስታስሉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከታመመ ሰው ራቅ በሉ ይላል። ከሥሩ የእጅ መታጠቢያ አለ። ቧንቧውን ስከፍተው ትንሽ አየር ተነፈሰና ዝም አለ። እጀታው በሽቦ ታስሯል። ገንዳው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ፣ ያገለገለ ጥጥና የተቀደደ የካርድ ወረቀት ደርቆ ተጣብቋል። ይህ የአንድ ቀን ቆሻሻ አይደለም። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ሲለጥፍ ያንን ገንዳ ከእግሩ ሥር አይቶታል፤ አይቶም ለጥፎ ሄዷል። እኔን ያስቆጣኝ ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ። ውኃ ሊጠፋ ይችላል፤ ከተማው በፈረቃ እንደሚጠጣ እናውቃለን። ነገር ግን በጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ በርሜል ውኃ ሞልቶ ማስቀመጥ የሚያቅት ሥራ አይደለም።

ተራ የሚጠበቅባት ክፍል ጠባብ ናት። አግዳሚው ላይ የሚያስለውም፣ ሕፃን ልታስከትብ የመጣችውም፣ ቁስሉን የሚያስጠርገውም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንድ ወጣት መስኮቱን ሲከፍተው ከኋላ «ነፋስ አስገባህብን!» ተባለና ተመልሶ ተዘጋ። በሕዝቡ አልፈርድም፤ ምች ይመታችኋል እየተባልን ያደግን ነን። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከፒያሳ ሜክሲኮ እስክንደርስ መስኮት የከፈተ ሰው ይሰደባል። ለዚያም ነው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ወጥቶ «መስኮቱ ይከፈት፣ የሚያስል በዚህ በኩል ይቀመጥ» ማለት የነበረበት። የወጣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጎረቤቴ ጠንከር አድርጋ ሳለች። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «ይቺ የአሳማው ሳትሆን አትቀርም፤ ወደ ውጭ አውጧት» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ እየተነሳ ግድግዳውን ያዘ። አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እኛ ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን፤ እሷ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንድ እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የመጣችው ነርስ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍናለች። የአፍ መሸፈኛ እንዳልተሰጣቸው ነገረችኝ። በእሷም አልፈርድም፤ ከሁላችንም በላይ ለበሽታው የተጋለጠችው እሷ ናት። የትኩሳት መለኪያውን ግን ከሌላ በሽተኛ ብብት አውጥታ በደረቅ ጥጥ ጠርጋ ነው ለጎረቤቴ የሰጠቻት። ፓራሲታሞል ታዘዘ። ናሙና አልተወሰደም። አድራሻዋ አልተመዘገበም። መተንፈስ ቢያቅታት ወዴት መሄድ እንዳለባት የነገራት የለም።

አንባቢ ይህንን ልብ ይበል። ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የሚለየው ከሽማግሌው ይልቅ ወጣቱን ማጥቃቱ፣ በተለይ ደግሞ በነፍሰ ጡርና በአስም በሽተኛ ላይ መክፋቱ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ክትባት ሲጀምሩ ነፍሰ ጡሮችን ከፊት ያሰለፉት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ነፍሰ ጡሯ ከሰልፍ ተባረረች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ግቢያችን ደረሰ። የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ መጸዳጃው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ልብስ ማስጫው የጋራ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ከደጇ ሰበሰቡ። ቡና ስታፈላ የሚጠሯት ሴቶች አልመጡም። ጎረቤቴ አሁን ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የያዛት ምን እንደነበር ግን ስላልተመረመረ ማንም ሊነግረን አይችልም። ዘበኛው የጮኸው ቃል ብቻ እንደ ምርመራ ውጤት ተቆጥሮ በሰፈሩ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግማሹ ሰው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው። እኛ አሳማ አንበላም፣ አይነካንም ይላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ይስማማል። ግብፅ በሚያዝያ አሳማዎቿን በሙሉ እንዲታረዱ ስታዝ ይህ እምነት የባሰ ጸና። በሽታው ግን የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስ፣ በእጅ። ይህንን ለሕዝቡ በቡና ላይ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ፣ በመስጊድ በር ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ከእርስዎ ዘንድ ሲወጣ አላየንም። የወጣው ወረቀት ብቻ ነው። ማንበብ የማትችለው አሮጊት እናቴ ወረቀቱን አይታ «ምን ይላል?» ብላኛለች።

ከታመመ ሰው ራቁ ይላል ማስታወቂያው። ስድስት ሰው በአንዲት ክፍል በሚያድርበት ቤት በሽተኛው ወዴት ይራቅ? ቤት ተኝታችሁ አገግሙ ተብሎም በሬዲዮ ይነገራል። የአትክልት ተራው ተሸካሚ የሚበላው በዕለቱ በተሸከመው ጆንያ ልክ ነው፤ አንድ ቀን ቢተኛ ማታ ልጆቹ አይበሉም፤ ስለዚህ እያተኮሰው ይሸከማል፣ በሳለበት እጁ ቲማቲሙን ያነሳል፣ ቲማቲሙም ቤታችን ይገባል። ይህንን የማያውቅ መመሪያ ጥፋቱን ሁሉ በድሀው ላይ ጥሎ ያልፋል።

እዚህ ከተማ ይህ በሽታ እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አያቶቻችንን የፈጀው የኅዳር በሽታ የዚሁ የኢንፍሉዌንዛ ዘር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺሕ የሚገመት ሰው አልቋል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ እንደቀረ አያቴ ስትናገር ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናጥነው ከዚያ መከራ የተረፉት ሰዎች ጽዳትን አጥብቀው ስለያዙ ነው። ሥርዓቱን አከብራለሁ። ዘንድሮ ግን በየደጁ ፕላስቲክና ጎማ እየተቃጠለ፣ ሰፈሩ በሙሉ በጢስ ሲታፈን፣ የሚያስሉት ልጆቻችን ምን ሊሆኑ ነው? መጥረጉን እንጥረግ፤ ቆሻሻውን የሚያነሳ መኪና ግን ይላኩልን።

መጀመሪያ ልጠይቅዎ ያሰብኩት ቧንቧው ውኃ እንዲኖረው ብቻ ነበር። እየጻፍኩ ሳለ ግን ቧንቧው ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። የሚያስሉ ሰዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ይለይላቸው፤ ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ቢሆንም ይበቃል። ነርሶቹና ካርድ ሠራተኞቹ የአፍ መሸፈኛ ይሰጣቸው። በሽተኛን በሕዝብ ፊት ማሳፈር ይቁም፤ ዘበኛውም ሥራው በር መጠበቅ እንደሆነ ይነገረው። የትምህርት ቤቶቻችን ቧንቧዎች ይታዩ፤ ልጆቻችን ከመጸዳጃ ወጥተው እጃቸውን በሱሪያቸው ነው የሚጠርጉት። ቦኖዎቹ ውኃ በሚመጣበት ቀን እስከ ማታ ይከፈቱ። የቀን ሠራተኛ ሲታመም ቀበሌው ቢያንስ ዱቄትና ዘይት የሚደጉምበት መንገድ ይፈለግ። ክትባቱ አገራችን ሲገባ በማን ተራ እንደሚሰጥ አስቀድሞ በግልጽ ይለጠፍ፤ ነፍሰ ጡሮችና የጤና ሠራተኞች ይቅደሙ፣ ዘመድ ያለው አይቅደም። በየሳምንቱ ስንት ሰው በሳልና በትኩሳት እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተመረመረ ይነገረን። እንዳንደናገጥ ተብሎ የተደበቀ ቁጥር ይበልጥ ያስደነግጠናል። የቀበሌ ቤቶቻችን ነገርም ይታሰብበት፤ ሰው ታሞ ፈቀቅ የሚልበት ክፍል የሌለው ቤት ለጤናማም አይሆንም።

ይህ ሁሉ የእርስዎ ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእርስዎ የሆነውን ይሥሩት፤ ያልሆነውን ለሚመለከተው ጽፈው የደብዳቤውን ቁጥር ይንገሩን፤ የቀረውን እኛ ተከታትለን እንጠይቃለን።

የአራዳ ሰዎች፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በየሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ አስገቡ። በዕድራችሁም አንሱት። ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12፣ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከኃላፊው በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የደጃች ውቤ ሰፈር ነዋሪ