ጭስ የሌለው ፍምም ይገድላል

በከሚሴ ማለዳ ወደ መድኃኒት ቤት መጥታ «ራሴን ፈለጠኝ፣ አቅለሸለሸኝ» የምትለኝን እህት ማስታገሻ ከመስጠቴ በፊት «ከሰሉ የት አደረ?» እላታለሁ። ቡናው ተጠጥቶ፣ ዕጣኑ ታጥኖ ሲያበቃ ፍሙን ቤት ውስጥ ትተን፣ በር ዘግተን እንተኛለንና።

ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ክኒን ሕመሙን ይደብቃል እንጂ መርዙን አያወጣም።

በባሕር ማዶ ለዚህ ጋዝ በመኖሪያ ቤትና በጀልባ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል ይሰቀላል፤ እኛ ዘንድ ደወሉ እኛው ነን። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ። የታመመ ካለ ወደ ንጹህ አየር አውጥታችሁ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ፈጥናችሁ አድርሱት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ እሳት እንድናጠፋ አዘዋል፤ ፍምም እሳት ነው።