የናይጄሪያ ጋዝ ለማን ይነድዳል?

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የመጀመሪያው ምርት ተመረቀ፤ ለጎዴው የማዳበሪያ ፋብሪካም የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ወሬው በተሰማ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የወጣና ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወዳጄ ቡና ቤት ተቀምጠን ስንጫወት፣ «እንግዲህማ አለፈልን፤ ጋዝ ያለው አገር ምን ይቸግረዋል?» አለኝ። ደስታው ደስታዬ ነው። ነገር ግን ለጎዴው ፋብሪካ ሸሪክ ሆኖ የቀረበው የናይጄሪያው ባለጸጋ የአሊኮ ዳንጎቴ ኩባንያ ነውና፣ ጋዝ ያለው አገር ምን እንደሚቸግረው ለማወቅ የሸሪካችንን አገር መመልከት ይበቃል ብዬ መለስኩለት። ጨዋታችን በዚያው ተቋረጠ፤ ያልጨረስኩትን ለአንባቢ ላቅርበው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በናይጄሪያ ምድር ለንግድ የሚበቃ የነዳጅ ዘይት የተገኘው በ1956፣ የኒጀር ወንዝ ከባሕር በሚገባበት በዴልታው፣ ኦሎይቢሪ በምትባል መንደር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘይቱ ወደ ውጭ አገር ይጫን ጀመር። ጋዙን ግን ማንም አልፈለገውም ነበር፤ ከዘይቱ ጋር አብሮ ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ ነው። ዛሬ የአገሪቱ የታወቀ የጋዝ ሀብት ከ200 ትሪሊዮን ኩቢክ ጫማ በላይ ሆኗል፤ በአፍሪካ የሚተካከለው የለም። የናይጄሪያ ባለሙያዎችም ስለ አገራቸው ሲናገሩ፣ ጥቂት ዘይት ያላት የጋዝ አገር ናት ማለትን ይወዳሉ።

ዘይትና ጋዝ ከአንድ ጉድጓድ ይውጡ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ዘይት በመርከብ ተጭኖ ገዢውን በመንገድ ላይ ሊፈልግ ይችላል። ጋዝ ግን ገዢው አስቀድሞ ካልታወቀ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ወይ በቧንቧ እስከ ገዢው ደጅ ማድረስ፣ ወይም ከዜሮ በታች እስከ 160 ዲግሪ ያኽል አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያኽል አንሶ በልዩ መርከብ ይጫናል። ሁለቱም መንገዶች ብዙ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ባለገንዘብ ደግሞ የሚገዛው ሰው ለረጅም ዘመን ካልፈረመለት እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም።

ታዲያ ገዢ ያልተገኘለት ጋዝ ምን ሆነ? እሳት ተለኮሰበት። በዴልታው መንደሮች አጠገብ ነበልባሉ ቀንና ሌሊት ሲንቦገቦግ ኖረ፤ ብዙዎቹ መንደሮች ግን የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራቸውም። ሴቶች በነበልባሉ ዳር ቆመው በሙቀቱ የካሳቫ ምግብ ሲያደርቁ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በዓለም ላይ ዞረዋል። እኛ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የምንለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። በ1979 ሕግ አወጣ፤ ከ1984 መጀመሪያ አንሥቶ ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ጋዝ ማቃጠል ተከለከለ። ቀኑ መጣ፣ አለፈ፤ እሳቱ አልጠፋም። በ2005 በቤኒን ከተማ የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጋዝ ማቃጠል የሰውን የመኖርና የክብር መብት ይጥሳል ሲል ፈረደ፤ እሳቱ አሁንም አልጠፋም። ብዙ ሰው ምክንያቱን በሹሞች ክፋት ብቻ ይተረጉመዋል። ክፋት አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት በሒሳብ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከ1998 ጀምሮ አንድ ሺህ ኩቢክ ጫማ ጋዝ ያቃጠለ ኩባንያ የሚከፍለው መቀጫ 10 ናይራ ነበር። ናይራው ከዓመት ዓመት ሲወድቅ መቀጫው ባለበት ቆመና፣ ከሃያ ዓመት በኋላ 10 ናይራ ማለት ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ያኽል ሆነ። ቧንቧ መዘርጋት በብዙ ሚሊዮን ዶላር፣ ማቃጠል በሦስት ሳንቲም! የኩባንያው የሒሳብ ሹም የትኛውን እንዲመርጥ ኖሯል የሚጠበቀው? በ2018 በወጣው ደንብ ለትልልቆቹ አምራቾች መቀጫው 2 ዶላር ሆነ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የሚቃጠለው ጋዝ ከግማሽ በላይ መቀነሱ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ናይጄሪያ እስካሁን በዓለም ላይ ብዙ ጋዝ ከሚያቃጥሉት ዘጠኝ አገሮች መካከል ትቆጠራለች። አንድ ጸሐፊ በአንድ መስመር ደንብ ላይ፣ መቀጫው ከገንዘቡ ዋጋ ጋር ይስተካከል ብሎ ቢጨምር ኖሮ ስንት ነበልባል ይጠፋ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

የተሳካ ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። በቦኒ ደሴት ጋዙን ፈሳሽ አድርጎ የሚሸጥ ኩባንያ በ1989 ተቋቋመ። የናይጄሪያ መንግሥት በነዳጅ ኩባንያው አማካይነት ከመቶ 49 እጁን ሲይዝ፣ ቀሪውን ሼል፣ ቶታልና የጣሊያኑ ኤኒ ተካፈሉት። የጣሊያን፣ የእስፓኝ፣ የፈረንሣይና የቱርክ ገዢዎች ለረጅም ዘመን ፈረሙ፤ ሥራው እንዲጀመር በ1995 መጨረሻ ተቈረጠ፤ የመጀመሪያው መርከብ በ1999 ወጣ። ዛሬ ስድስቱ የማምረቻ መስመሮች በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን ቶን ማምረት ይችላሉ፤ በ2019 የተወሰነው ሰባተኛው መስመር ሲያልቅ 30 ሚሊዮን ይሆናል ተብሏል። አፍሪካዊ መንግሥት ከውጭ ባለካፒታሎች ጋር ተቀምጦ ትልቅ ሥራ ለመሥራት እንደሚችል ቦኒ ምስክር ነው።

ምስክርነቱ ግን ንጹሕ አይደለም። ስለ ዴልታው አፈርና ውሃ መበላሸት ሲሟገት የኖረው ጸሐፊ ኬን ሳሮ-ዊዋ በወታደሩ መንግሥት የተሰቀለው የቦኒው ውሳኔ ሊፈረም አንድ ወር ያኽል ሲቀረው ነበር። ፋብሪካውን ከሠሩት የውጭ ኩባንያዎች አንዱ ደግሞ ሥራውን ለማግኘት ለናይጄሪያ ሹሞች ጉቦ መሰጠቱን በ2009 በአሜሪካ ፍርድ ቤት አመነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መርከቡ ጋዙን ጭኖ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ በሌጎስ ያለው ነጋዴ ምን ያደርጋል? ከሱቁ ደጅ ያቆማትን ትንሽ ጄኔሬተር ያስነሣል። ናይጄሪያ የተከለችው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 13,000 ሜጋዋት ያኽል ነው፤ አብዛኛውም የሚሠራው በጋዝ ነው። ለሕዝቡ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 5,000 ሜጋዋት ሲሆን፣ ሕዝቡ ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ያኽል ጋዝ ባለበት አገር ማመንጫው ጋዝ አጥቶ ይቆማል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቤተሰቡ ቆጣሪ ስለሌለው በግምት ይከፍላል ወይም አይከፍልም፤ ታሪፉም ከወጪው በታች ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ አከፋፋዩ ለማመንጫው አይከፍልም፤ ማመንጫውም ለጋዝ ኩባንያው ዕዳ ያስቈጥራል። የጋዙ ባለቤት ወደ ግራ ቢመለከት መንግሥት በዝቅተኛ ዋጋ የወሰነለትና ገንዘቡ ዘግይቶ የሚመጣ የአገር ውስጥ ደንበኛ አለ፤ ወደ ቀኝ ቢመለከት በዶላር በቀኑ የሚከፍል ደንበኛ አለ። ወደ ቀኝ ቢዞር ምን ይፈረድበታል?

አንዳንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች፣ «ታዲያ ሁሉም ወደ ውጭ ይሸጥና በዶላሩ የሚያስፈልገው ይገዛ» ሲሉ እሰማለሁ። ክርክሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ናይጄሪያ ከ1958 ጀምሮ በዘይቱ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ዶላሩ መጣ፣ ሄደ፤ የነጋዴው ጄኔሬተር እንዳለች ናት። በእኔ አሳብ በናይጄሪያ የጋዝ ሥራ ለባለካፒታል የተከፈተው ትልቁ በር ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አይደለም፤ በጉድጓዱና በደንበኛው መካከል ያለው ነው። ቧንቧ፣ የጋዝ ማጣሪያ፣ የቡታ ጋዝ ማከማቻ፣ ይልቁንም ያ የተናቀ ቆጣሪ! ከአጃኦኩታ በካዱና በኩል ወደ ካኖ እንዲደርስ በ2020 የተጀመረው 614 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይጠናቀቃል ከተባለበት ቀን እጅግ ዘግይቷል፤ የሰሜኑ ፋብሪካዎች ግን በናፍጣ እየሠሩ የሚጠብቁት እርሱን ነው። በባሕር ሥር ወደ ቤኒን፣ ወደ ቶጎና ወደ ጋና የሚሄደው 678 ኪሎ ሜትር ቧንቧም አለ። በ2012 የባሕር ወንበዴዎች የያዙት መርከብ መልሕቅ ጎትቶ በሎሜ አጠገብ ቢጎዳው ጋና ለብዙ ወራት መብራት ተቸግራ ነበር። መካከለኛው ነገር ሲጎድል ሁለቱም ዳር ይራባል።

ገንዘቡን በቀኑ የሚከፍል የአገር ውስጥ ደንበኛ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ደግሞ የማዳበሪያው ሥራ ያሳያል። በፖርት ሃርኮርት አጠገብ ኢንዶራማ የተባለው ኩባንያ፣ በሌጎስ አጠገብ በሌኪ ደግሞ ዳንጎቴ ጋዝን ወደ ዩሪያ የሚለውጥ ፋብሪካ አቁመዋል። የሌኪው በ2022 ሲመረቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ለማምረት የሚችል ሆኖ ነው። ከምርቱ ብዙው ወደ ብራዚልና ወደ አሜሪካ መጫኑን ለሚነቅፉ ሰዎች እኔም አልፈርድባቸውም፤ የናይጄሪያ ገበሬ ማዳበሪያ ተወደደብኝ እያለ ያማርራልና። ሆኖም ጋዙን አየር ላይ ከማቃጠል፣ በከረጢት አድርጎ መሸጥ በብዙ ይሻላል።

ለወጣት ሹሞች ከሁሉ ይልቅ የምመክረው ግን ስለ አንድ ስላልተሠራ ፋብሪካ እንዲያነብቡ ነው። በ2010 የናይጄሪያ የነዳጅ ሚኒስቴር በቨርጂን ደሴቶች ከተመዘገበና ፒ ኤንድ አይ ዲ ከሚባል ትንሽ ኩባንያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና ውል ተፈራረመ። መንግሥት ጋዝ ያቀርባል፤ ኩባንያው በካላባር ማጣሪያ ሠርቶ ዋጋ ያላቸውን ፈሳሾች ለራሱ ያስቀራል፣ የተጣራውን ጋዝ ለኤሌክትሪክ በነፃ ይመልሳል። በንባብ ሲታይ ደግ ውል ነው። ጋዙ አልቀረበም፤ ፋብሪካውም አልተሠራም። ኩባንያው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ላገኘው የነበረውን ትርፍ አጣሁ ብሎ በሎንዶን በግልግል ዳኞች ፊት ከሰሰ፤ በ2017 6 ቢሊዮን ከ600 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ወለዱ እየተጨመረ ከ11 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። አንድ ጡብ ላልተደረደረበት ፋብሪካ! በ2023 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያው ፍርዱን ያገኘው በማጭበርበር ነው፣ ለሚኒስቴሩ ሹም ጉቦ ተከፍሏል፣ የሐሰት ምስክርነት ተሰጥቷል፣ የመንግሥቱም ምስጢራዊ ወረቀት ወጥቶ በኩባንያው እጅ ገብቷል ብሎ ወሰነ፤ ናይጄሪያም ዳነች። የዳነችው ግን በብዙ ዓመት ሙግትና በብዙ የጠበቃ ዋጋ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብብ ያስገረመኝ የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ውሉ በአንድ ተራ ቢሮ፣ በተራ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያደረ ወረቀት ነበር። በዚያ ቢሮ ያለፉበት ሰዎች ጋዙ ከየትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ቧንቧ፣ በማን ገንዘብ ይመጣል ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ውሉ ባልተፈረመ ነበር። ይህ ጥያቄ የመሐንዲስ ዲግሪ አይፈልግም።

ወዳጄ ይህን ሲያነብብ፣ «ታዲያ ዳንጎቴ ጎዴ አይምጣ ነው የምትለው?» ማለቱ አይቀርም። ይምጣ እንጂ። ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር ይፈልጋል የተባለ ሥራ፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ ማዳበሪያውን ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ የገበሬ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። የጋዙ ገዢ ከጉድጓዱ ጋር በአንድ አገር መገኘቱ ራሱ ናይጄሪያ ለብዙ ዘመን ያላገኘችው ዕድል ነው። እኔ የምሻው፣ ፋብሪካው ለጋዙ የሚከፍለው ዋጋ በምን ገንዘብ እንደ ተወሰነ፣ ብሩ ቢወድቅ ዋጋው ምን እንደሚሆን፣ ከረጢቱም ለጎጃምና ለአርሲ ገበሬ በስንት እንደሚሸጥ ማወቅ ነው። ወዳጄ የሚሠራው እንዲህ ያለው ወረቀት በሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ነው። በሚመጣው እሑድ እዚያው ቡና ቤት እንገናኛለን፤ የቡናውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ፣ እርሱ ግን መልሱን ይዞ ይምጣ ብዬዋለሁ።