ለውሻ ዓይን የወጣው ገንዘብና የእኛ የስም መጥሪያ ደብተር

በዚህ ሰሞን በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ ሰልፍ ላይ ከፈተናው ወሬ እኩል የሚወራ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በውጭ አገር በጎ አድራጊዎች ገንዘብ እያዋጡ ዓይናቸው ለጠፋ ውሾች ቀዶ ጥገና ያስደርጋሉ የሚለው ነው። ወሬውን ያመጣው ጓደኛችን በእጅ ስልኩ ፊልሙን ጭምር አሳይቶናል። ውሻው ከቀዶ ጥገናው ነቅቶ አሳዳሪዎቹን ሲያይ ጅራቱን እየቆላ ይዘላል፤ ሰዎቹም ያለቅሳሉ። ከእኛ ግማሹ ሣቀ፤ ግማሹ ተናደደ። «ሰው ታውሮ እየኖረ ለውሻ ሐኪም!» ያለ ነበር። «ጥጋብ ነው» ያለም አልጠፋ። እኛ የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ሁለቱንም ወገን ካዳመጥን በኋላ የበኩላችንን አስተያየት ለመሰንዘር ወደድን።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ተረት? እውነት ነው። ውሻንም እንደ ሰው የዓይን ሞራ ይጋርደዋል። አንዳንዱ ከዘር ይወርሰዋል፤ የስኳር በሽታ የያዘው ውሻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ በሞራ ይሸፈናል። ሐኪሙ የሚያደርገውም ለሰው የሚደረገውን ነው፤ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጥና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። በአሜሪካ ይህ ሥራ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። አሳዳሪው መክፈል ሲያቅተው፣ ወይም ውሻው ባለቤት የሌለው ሲሆን፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ከሕዝብ መዋጮ ያሰባስባሉ። እርግጥ ውሻ በአፍንጫው የሚኖር ፍጥረት ስለሆነ ዓይኑ ቢጠፋም በለመደው ቤትና ግቢ ብዙ ሳይቸገር መኖር ይችላል። ይህን የእንስሳት ሐኪሞቹ ራሳቸው ይናገሩታል።

ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ይህንን ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናችን አይተን መጥተናል።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን የተወሰንነው የተመደብነው ገነተ ማርያም ነበር። ገነተ ማርያም በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከአለት ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች፣ ውስጧ በሥዕል ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን የምትገኝበት የላስታ አገር ናት። ያንን ሥዕል ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡ አሉ። በዚያው ደጃፍ ተወልደው ያረጁ አንድ አባት ግን ሥዕሉን ካዩት ሰባት ዓመት እንዳለፋቸው አጫወቱን። ዓይናቸው ጠፍቷል። የምትመራቸው የልጅ ልጃቸው ናት። በትሩን ከፊት እሷ፣ ከኋላ እሳቸው ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ሁልጊዜ እናያቸዋለን።

ታዲያ ልጅቱ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነች። የስም መጥሪያውን ደብተር ስንከፍተው ከስሟ አንጻር የቀሪው ምልክት ተደርድሮ አገኘነው። ምክንያቱን ብንጠይቅ፣ «እሷ እኮ መሪ ናት» ተባልን። ገባን። እኛም እንደ ሌላው ምልክታችንን አድርገን አለፍን።

አንድ ቀን እኒያ አባት ቤታቸው ጠሩን። ውሻቸው መጀመሪያ ጮኸብን፤ ኋላ ግን ለመደን። ቆሎ ቀረበልን። «አባቴ፣ ሐኪም አይቶዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ማን ይወስደኛል ልጆቼ? ልጄን ከሞፈሩ ላይ ላንሣው?» አሉን። «እግዜር ይማርዎ» አልን፤ ቆሎውን ቆረጣጥመን ወጣን። የልምምዱ ጊዜ አለቀ፤ ተመለስን።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ አሁን በፈረንጅ ውሻ የተናደድነው እኛው ነን! «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ማለት ይህ አይደለም ወይ?

ነገሩን በእርጋታ እንየው። ያ ውሻ ከእኒያ አባት የወሰደው ነገር የለም። ለውሻው የተዋጣው ገንዘብ ባይዋጣ ኖሮ ተሳፍሮ ገነተ ማርያም አይመጣም ነበር፤ በሰጪዎቹ ኪስ ይቀር ነበር። ደግሞም ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል አይደለም። ለእንስሳ የሚራራ ልብ ለሰው መራራት ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም። ይህን የላስታ ሰው አያጣውም። መጽሐፈ ጦቢትን የሰማ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ዓይኑ በነጭ ነገር ለተጋረደው ለጦቢት መድኃኒት የመጣለት ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሄዶ በመመለሱ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከኋላ ኋላቸው የተከተለ ውሻ ነበር። ውሻው ከታሪኩ አልተባረረም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አባቱን ያዳነው መንገድ የሄደው ልጅ ነው።

«ቢሆንም ገንዘብ የለንም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ለሰው ዓይን የሚያስፈልገው ገንዘብ የምናስበውን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረጋቸው የዓይን ሞራ ነው፤ ከ100 ከ11 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ትራኮማ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ከ100 ዓይነ ስውራን የ91 ያህሉ ችግር አስቀድሞ ሊከላከሉት ወይም ሊያድኑት ይቻል የነበረ መሆኑ ነው።

ሞራውን በተመለከተ የኔፓሉ ሐኪም ሳንዱክ ሩዊት ያሳዩት መንገድ ለድኻ አገር ሁሉ ትምህርት ነው። ስፌት በማይፈልግ ትንሽ ቀዳዳ ሞራውን አውጥቶ ሌንስ መተካት የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል። ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን ሌንስ በካትማንዱ በሚገኘው ተቋማቸው ከ5 ዶላር በታች እንዲመረት አድርገዋል። ከአሜሪካዊው ሐኪም ከጄፍሪ ታቢን ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ድርጅትም በአገራችን በኲሓና በቢሲዲሞ ሠርቷል። ለአንድ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ በዚህ ዘዴ የብዙ ሰው ዓይን ያበራል። ይህ ግን ውሻውን የሚያስወቅስ ሳይሆን እኛን «ታዲያ ምን አስቀመጠን?» የሚያሰኝ ነው።

ትራኮማ ደግሞ የእኛ የመምህራን ጉዳይ ነው። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት ከ100 ከ60 በላይ የሚሆኑት በንቁ ትራኮማ ተይዘው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳ ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። በሽታው በልጅነት ይጀምራል። በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው እርስ በርስ ፀጉር ሲነቃቀሉ ያላየ ማን አለ? ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያጠፋዋል። የሞራ ዓይን በቀዶ ጥገና ሊበራ ይችላል፤ በትራኮማ ጠባሳ የጠፋ ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት ለማቃናት የሚደረገውን ቀዶ ጥገናም የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል።

እርዳታ አልመጣም እንዳንል መጥቷል። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለቦች የክልሉን የትራኮማ ሥራ ደግፈዋል፤ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያም ዚትሮማክስ የተሰኘውን መድኃኒት በነፃ ሰጥቷል። ለዚህ ምስጋና ይገባል። ግን የሩቅ ሰው እርዳታ የራሱ ጊዜና የራሱ ሐሳብ አለው። አንድ ቀን ሊያቋርጥም ይችላል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሲዘረፍ አይተናል። ክኒን በዓመት አንድ ጊዜ ይታደላል፤ ፊት ግን በየቀኑ መታጠብ አለበት። የልጆቹን ፊት ለማጠብ ማንም ከባሕር ማዶ አይመጣም።

ስለ ውሻም ካነሣን አይቀር፣ የራሳችንን ውሻ በምን ዓይን ነው የምናየው? በጎችን ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ድንጋይ ይወረወርበታል፤ ክትባት የሚባል አያውቅም። ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ልጃችን ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 የ99ኙ ምንጭ የውሻ ንክሻ ነው። ከገነተ ማርያም ቀና ብለን በምናየው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም፣ በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሰው ከ500 የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ዋነኛ ጠላቱ ከውሾች የሚተላለፍበት ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ስለዚህ ነው በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ የገበሬ ውሾች የሚከተቡት። እንግዲህ ለውሻ የወጣ ገንዘብ ሁሉ ከሰው አፍ የተነጠቀ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ውሻ ሲከተብ ቀበሮውም ልጁም ይተርፋል። ልጅ በውሻ ከተነከሰም ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግድ ነው። ፊትን ከትራኮማ የሚጠብቀውም ይኸው ውሃና ሳሙና ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? «መምህር ሐኪም አይደለም» የምትሉ አላችሁ። ልክ ነው፤ መድኃኒት ስጡ፣ ቢላ ያዙ አላልንም። የእኒያ አባት ዓይን በሞራ ይጥፋ በትራኮማ እኛ አናውቅም፤ የሚያውቀው ያየው ባለሙያ ነው። የእኛ ሥራ እንዲታዩ ማድረግ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለሕዝብ ፊደል ያስቆጠረው መምህርና ተማሪ ነበር፤ «እኔ የተመደብኩት ለልጆች ነው» ቢል ኖሮ ያ ሁሉ አዛውንት ስሙን መጻፍ ባልቻለ ነበር።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ወደ ልምምድ የምንወጣ ሁሉ የቀሪውን ምልክት አድርገን ዝም አንበል። «ለምን ቀረች?» ብለን እቤቷ ድረስ እንጠይቅ። ዓይነ ስውር የምትመራ ሆና ከተገኘች የሁለት ሰው ችግር አገኘን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስማቸውን ይዘን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንስጥ። የዓይን ሕክምና መቼና የት እንደሚሰጥ ጠይቀን ለቤተሰቡ እንንገር።

ሦስተኛ፣ «ማን ይወስደኛል?» ለሚለው መልስ እንሁን። የመኪናና የስንቅ ገንዘብ ከኪሳችን በጥቂት በጥቂቱ ብናዋጣ ማንንም አይጎዳም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። ከእኛ አንዱ በትሩን ይዞ ቢሄድ ደግሞ ልጅቱ ያን ቀን ክፍል ትገባለች።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሥሩ የተበሳ ጀሪካን መስቀልና ከመግባት በፊት ፊት ማስታጠብ ውጪ የለውም። «ውሃ የለም» ይባል ይሆናል። ፊት ለመታጠብ እፍኝ ውሃ ይበቃል፤ ለቡና የሚገኝ ውሃ ለፊት አይጠፋም። ያን ያህል ሲደረግ ሽንት ቤት መቆፈሩም አይረሳ፤ ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነውና።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የልምምድ መገምገሚያ ቅጹ የትምህርት ዕቅዳችንን፣ የሰሌዳ አጻጻፋችንን፣ ድምፃችንን ይመዝናል። አንድ መሥመር ብቻ ይጨመርበት፤ ደጋግመው ስለሚቀሩ ልጆች ሠልጣኙ ምን እንዳደረገ ይጠየቅ። እኛ ያኔ ብንጠየቅ ኖሮ አፍረንም ቢሆን አንድ ነገር እናደርግ ነበር።

የፈረንጁን ውሻ እንተወው፤ ዓይኑ በርቶለታል፤ ደስ ይበለው። የእኛ ጉዳይ በትር ይዛ ዳገት የምትወጣዋ ልጅ ናት። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን ወደ ላስታ ይወጣል። የአባትየውን ቤት የምናውቅ አለን፤ መንገዱን እናሳያለን። አብሮ ለመሄድም ሆነ ለማዋጣት የሚፈልግ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፍ። የእኛን ስም ከላይ ጽፈናል። በአስተያየታችን የማይስማማም ቢኖር መልሱን ጽፎ ይስጠን፤ እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።