ጨዋታው አልተበላሸም፤ ፍጥነቱ ይስተካከል!

በዚህ እትም አስተያየቴን የምሰጠው በኮምፒውተር ክፍላችን ስላሉት የድሮ ጌሞች ነው። ሰሞኑን «አይሠሩም፣ ይጥፉ» የሚሉ ተማሪዎች በዝተዋል። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ጌም ገና ሲከፈት ሰውየው እንደ ጥይት ተተኩሶ ገደል ይገባል። እኔ ግን መጥፋት የለባቸውም እላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ጌሙ የሚፈጥነው ስለተበላሸ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር ፍጥነት 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር። ይህም በሰከንድ ወደ 4.77 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። የዛሬዎቹ በሰከንድ ቢሊዮኖችን ይመታሉ። ያኔ አንዳንድ ጌም ሠሪዎች በሰዓት ከመለካት ይልቅ ኮምፒውተሩን «ይህን ያህል ቁጠርና ሰውየውን አንድ እርምጃ አራምድ» ብለው ያዙት ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ቆጠራውን ወዲያው ይጨርሳል፣ ሰውየውም ይበራል። ጌሙ እኮ የታዘዘውን ነው የሠራው!

ሁለተኛ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ድሮ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ሲያጠፉት ፍጥነት የሚቀንስ «ቱርቦ» የሚባል ቁልፍ ነበራቸው። አሁን ደግሞ ዶስቦክስ አለ። ይህ የድሮ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ እንዲህ ዓይነቱ ኢሙሌተር ይባላል። ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ11ን ስትጫኑ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ኤፍ12ን ስትጫኑ ይጨምራል። ሳይክል የሚባለው ቁጥር ከመስኮቱ አናት ላይ ይታያል። ዶስቦክስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ3000 ነው፤ በጣም ለቆዩት ጌሞች ግን ጥቂት መቶ ይበቃል። ከመጠን በላይ ከጨመራችሁት ደግሞ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለዚህ ቀስ እያሉ መሞከር ነው።

«እንግዲያው አዘግይተን ብዙ ነጥብ እናስቆጥራ!» የሚሉም አሉ። ለጀማሪ ማዘግየቱ ጥሩ ነው፣ ጣቱ ኪቦርዱን ይለምዳል። ለውድድር ግን አይሆንም። አንዱ በ300፣ ሌላው በ1000 ሳይክል ተጫውቶ ነጥባቸው እንዴት ይወዳደራል? ፍጥነቱ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ ስፔስ ኢንቬደርስን የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ፣ ጠላቶቹ እየተመቱ ሲያልቁ የቀሩት እየፈጠኑ እንደሚሄዱ አየ። ማሽኑ የሚስለው ነገር ስለቀነሰለት ነው። እሱም ጨዋታውን አጓጊ ስላደረገው እንዳለ ተወው። ያንን ፍጥነት ብናጠፋው ጨዋታው ምን ጣዕም ይኖረዋል?

እነዚህ ጌሞች ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት፤ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራሉ። ኮምፒውተር ነክተው ለማያውቁት ታናናሾቻችን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጌም ትክክለኛ ሳይክል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ውድድርም በዚያው ቁጥር ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ጌም «አይሠራም» ተብሎ ከመጥፋቱ በፊት ፍጥነቱ ይሞከር። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፣ በደስታ አነባለሁ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል