ከቀለሙ በፊት የሠሪውን እጅ

አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪዎች፣ ግለሰቦች ጋራዣቸው ውስጥ የገጣጠሟቸውን አውሮፕላኖች እንደ አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይገዛሉ። ዋጋው ያጓጓል፤ ቀለሙም ያብለጨልጫል። እኛ ግን መጀመሪያ የሠሪውን እጅ እዩ እንላለን!

ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ልምድ ያለው አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ካሊፎርኒያ ባሕር ላይ ተከስክሶ የሞተው ግን ሌላ ሰው የሠራውን ሎንግ-ኢዚ በገዛ ሰሞን ነው። ሠሪው የነዳጅ ታንክ መቀያየሪያውን ከንድፉ ውጪ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ አስቀምጦታል። ታንክ ለመቀየር ወደ ኋላ መዞር ግድ ነበር። መርማሪዎች ይህንንና ለዚያ አውሮፕላን በቂ ሥልጠና አለማግኘቱን ከምክንያቶቹ ቆጥረዋል።

ለዚህ ነው «በርካሽ አገኘሁ» የሚለው ደስታ የማያሳምነን። የተረፈው ገንዘብ ለመካኒክ ፍተሻና አውሮፕላኑን ለሚያውቅ አስተማሪ ይከፈል። ሻጩ አላስፈትሽም ካለ? ወደ ቤት! ሰማይ ላይ ዳር ይዞ ማቆም የለማ።