«ዓይኔን ይዤ ልቀበር»

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙዎቻችን ልናነሣው የምንሸሸውን ጉዳይ እናነሣለን፤ የአካል ልገሳን። ደም ስጡ ሲባል ክንዱን የሚዘረጋው ወጣታችን፣ ከሞትህ በኋላ የዓይን ብሌንህን ትሰጣለህ ወይ ሲባል ግን «አዑዙ ቢላህ! ዓይኔን ይዤ ልቀበር» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ለምን ይሆን?

ከምንሰማቸው መልሶች አንዱ ቂያማን ይመለከታል። «በዚያ ቀን ዓይንም ይመሰክራል፤ ሰጥቼው ከሄድኩ ምን ይዤ ልቆም ነው?» ይላሉ። አካላት በባለቤታቸው ላይ እንደሚመሰክሩ በሱረቱ ያሲንና በሱረቱ ፉሲለት ተነግሮናልና ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) የጣታችንን ጫፍ እንኳ አስተካክሎ እንደሚመልስ ያስታወቀን በሱረቱል ቂያማ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስም አንድ ሰው ከአላህ ፍርሃት የተነሣ ሬሳው ተቃጥሎ ዐመዱ እንዲበተን ልጆቹን ይናዘዛል፤ አላህም ያን ዐመድ ሰብስቦ አቆመው፣ ጠየቀው፣ ማረውም። ባሕር ሰምጠው የዓሣ ቀለብ የሆኑ ሙእሚኖችስ ሳይቀሰቀሱ ሊቀሩ ነውን? ደግሞስ የቀበርነውን ዓይን አፈር ይጠብቅልናልን?

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይከብዳል። የሙት አካል ክቡር ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን እንደ መስበር አድርገው አስተምረዋል። በአካል ክብር ላይ ተመሥርተው ልገሳን የተቃወሙ ታላላቅ ዑለማኦች አሉ፤ የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕና የግብጹ ሸይኽ ሙሐመድ ሙተወሊ አሽ-ሸዕራዊ ከነዚህ ናቸው። የእነርሱን መንገድ የያዘ ሙስሊም ጨካኝ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

ነገር ግን ብዙ ሰው «ሐራም ነው» ሲል እነዚህን ሊቃውንት አንብቦ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የሰማውን ነው። ጉዳዩን በጋራ የመረመሩት ጉባኤዎች የደረሱበት ውሳኔ ወደ እኛ መንደር እምብዛም አልዘለቀም። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤት በ1982 (እ.ኤ.አ.) ፈቅዷል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ደግሞ የሕያው ሕይወት ወይም የአካሉ መሠረታዊ ተግባር የተመሠረተበት ከሆነ ከሙት አካል መውሰድ ይቻላል ብሏል፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ከፈቀዱ፣ ሽያጭም ካልገባበት። የመጨረሻዋን ቃል ደግመን እናንብባት። የሰው አካል የአላህ አደራ እንጂ የገበያ ዕቃ አይደለም። ችግረኛን በገንዘብ አባብሎ ኩላሊቱን የሚወስድ ደላላ ከዚህ ፈትዋ ጥላ ሥር ሊጠለል አይችልም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተቋቋመው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ብሌን የምንለው ከዓይን ፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራው ስስ ክፍል ነው። በበሽታ ወይም በአደጋ ጠባሳ ሲይዝ ብርሃን አያሳልፍም፤ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰው ከመተካት በቀር የሚያድነው መድኃኒት የለም። ብሌን የሚወሰደው ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጀናዛን ማፋጠን ከሚለው ሱንና ጋር አይጋጭም፤ ትጥበቱም ከፈኑም ሶላቱም በወጉ ይደርሳሉ፤ ፊትም አይበላሽም። የአንድ ሰው ሁለት ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ብርሃን ሊሆኑ ይችላሉ። እናቶቻችን «የሴት ጀናዛ ማን ሊነካ ነው?» ሲሉ እንሰማለን። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሴት ባለሙያ እንድትመጣ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኩላሊት ነገር ይለያል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 (እ.ኤ.አ.) ንቅለ ተከላ ሲጀመር ኩላሊቱ የተወሰደው በሕይወት ካለ ዘመድ ነበር። በየሳምንቱ የኩላሊት እጥበት ላይ የሚመላለስ ወንድም ያለው ቤተሰብ እዚህ ላይ ይፈተናል። አንዷ እህት ልስጥ ስትል ባሏ ይከለክላል፤ ሌላው ወንድም መስጠት ሳይፈልግ የዘመድ ዓይን ያስጨንቀዋል። በሸሪዓችን ጉዳት በሌላ ጉዳት አይወገድም። ሰጪው በሐኪም ተመርምሮ ጤናው እንደማይጎዳ መረጋገጥ አለበት፤ ፈቃዱም የእውነት ፈቃድ ይሁን። ያልሰጠውን ወንድም ዕድሜ ልክ ማኩረፍ፣ በእኛ አስተያየት፣ ግፍ ነው።

በብሌን በኩል ሌላ እንቅፋት አለ። አባት ቃል ገብቶ ይፈርማል፣ ለቤተሰቡ ግን አይነግርም። ሲሞት ልጆቹ በሐዘን ላይ ሳሉ ስለ ፊርማው ይሰማሉ፤ ይደነግጣሉ፤ «አባታችንን አትንኩብን» ይላሉ። ያቺ አጭር ጊዜ በጭቅጭቅ ታልፋለች። ስለዚህ መስጠት የሚሻ በኑዛዜው (ወሲያ) ይጻፈው፤ ለባለቤቱና ለታላቅ ልጁ ጤነኛ ሳለ ይንገር፤ የሠፈሩን ኢማምም አብረው ይጠይቁ። የማይሻም እንዲሁ ይንገራቸው፤ ወራሾቹ እርሱ ያልፈለገውን እንዳይፈቅዱበት።